ከቤን ጉሪዮን እስከ አቴንስ፦ ርቀቱና የበረራው ሰዓት ለምን አልገጥም አለኝ?

የአሽዶዷ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እህቶች። የ71 ዓመት እናቴን ማርች 28 ቀን 2025፣ ዓርብ ዕለት፣ አቴንስ ወደሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ዘንድ ልልካት ትኬት ቆርጬላታለሁ። እናቴ በሕይወቷ አውሮፕላን የተሳፈረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንመጣ ነበር። ያን ጊዜ ወንበሩ በተነሣ አውሮፕላን ወለል ላይ እኔን ታቅፋ ስለ ተቀመጠች፣ አሁን ብቻዋን በመስኮት በኩል ተቀምጣ የምትሄደው ጉዞ ለእርሷ እንደ መጀመሪያ ጉዞ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷን ሰዓት አስቀድሜ በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ።

የቸገረኝ ይህ ነው። የጉዞ ወኪሉ አትሞ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ከቤን ጉሪዮን መነሻው 12:40፣ አቴንስ መድረሻው 13:50 ይላል። ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1 ስትመለስ ደግሞ ከአቴንስ 15:10 ተነሥታ ቤን ጉሪዮን 17:05 ትደርሳለች። (ሰዓቶቹን ሁሉ የምጽፈው ትኬቱ ላይ እንደ ታተሙት ነው።) ሳሰላው መሄጃው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ መመለሻው 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይሆናል። ባሕሩም መንገዱም ያው ሆኖ ሳለ የ45 ደቂቃ ልዩነት ከየት መጣ?

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ የባሰ ግራ ገባኝ። ርቀቱን አንዱ 1,194 ይለዋል፣ ሌላው 742፣ ሌላው 645፣ አንዱ ደግሞ 1,200። የበረራውን ጊዜ 1 ሰዓት ከ26 ደቂቃ የሚል አለ፤ ከ2 ሰዓት በላይ የሚልም አለ። ወንድሜ ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል፤ «ከቴል አቪቭ ወደዚህ ሁልጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ወረቀቱ ተሳስቷል፤ እኔ 14:50 ላይ መጥቼ እቀበላታለሁ» ይለኛል። ወረቀቱ ትክክል ከሆነ ግን ግሪክኛም እንግሊዝኛም የማትችል እናቴ በማታውቀው አገር አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ቆማ ልትጠብቀው ነው። ዕለቱ ዓርብ በመሆኑም ሰንበት ሳይገባ ቤት መድረሷ ያሳስበኛል። የምታውቁ ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

ሮማ ተመላላሽ

እህቴ፣ እኔ ለሥራ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ሮማ እበራለሁ። አውሮፓ ከእስራኤል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ 13:50 በአቴንስ ሰዓት ማለት በእናንተ 14:50 ነውና በረራው 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል፤ የመሄጃው ወረቀት ትክክል ነው። የመመለሻው ግን በዚህ ስሌት 55 ደቂቃ ብቻ ስለሚሆን አይሆንም፤ እዚያ ላይ ስሕተት ሳይኖር አይቀርምና የጉዞ ወኪሉን ደውለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

የበረራ ዕቅድ

ከላይ መልስ የሰጡት ወንድማችን ስለ ዓርቡ በረራ የደረሱበት ውጤት ትክክል ቢሆንም ምክንያቱ ሌላ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የበረራ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ በየዓመቱ በዚህ ወቅት የሚነሣ ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱ። ሮማ በእርግጥ ከእስራኤል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አቴንስ ግን እንደዚያ አይደለችም፤ ግሪክና እስራኤል ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ሰዓት የሚሄዱ አገሮች ናቸው። ሁለቱም ሰዓታቸውን በማርች መጨረሻ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ይመልሳሉ። ልዩነት የሚፈጠረው የሚገፉበት ቀን አንድ ስላልሆነ ነው። በእስራኤል ከ2013 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት ሰዓቱ የሚገፋው ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ፣ ከሌሊቱ 2:00 ላይ (በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት) ነው። ግሪክ ግን እንደ ቀሩት የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ራሱን እሑድን ትጠብቃለች፤ እዚያ የሚገፋው እሑድ ከሌሊቱ 3:00 ላይ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከዓርብ ሌሊት እስከ እሑድ ሌሊት፣ ሁለት ቀን ብቻ፣ እስራኤል ከግሪክ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የእናትዎ ጉዞ ደግሞ ልክ በዚያ ዓርብ፣ ማርች 28 ላይ ውሏል።

እኛ በሥራችን እንዲህ ያለው ነገር እንዳያሳስተን ሁሉንም ሰዓት የምንጽፈው በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ አብራሪዎች «ዙሉ» ይሉታል። ወረቀትዎን በዚያ እንመልሰው። ዓርብ እስራኤል ከዙሉ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም 12:40 ማለት 09:40 ዙሉ ነው። ግሪክ በዚያ ቀን ገና በ2 ሰዓት ስለምትቀድም 13:50 ማለት 11:50 ዙሉ ነው። በመካከላቸው ያለው 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ማክሰኞ ግን ሁለቱም በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፤ 15:10 እና 17:05 ወደ 12:10 እና 14:05 ዙሉ ይለወጣሉ፤ ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወረቀቶች ትክክል ናቸው። ወንድምዎም «ከ2 ሰዓት በላይ» ማለታቸው ትክክል ነው፤ የተሳሳቱት ያን ጊዜ በእስራኤል ሰዓት ላይ ደምረው ውጤቱን የአቴንስ ሰዓት ማድረጋቸው ላይ ብቻ ነው። በአቴንስ ሰዓት 13:50 ላይ መገኘት አለባቸው።

አሁን የቀረው የ15 ደቂቃ ልዩነት ነው፤ እሱ የሰዓት አቆጣጠር ጉዳይ ሳይሆን የነፋስ ጉዳይ ነው። በሜዲትራንያን ላይ ከፍ ባለው ሰማይ፣ በተለይም በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ አቴንስ የሚሄድ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚያቀና ነፋሱን ከፊት በኩል ይጋፈጣል፤ ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። በቁጥር ላሳይዎ። ርቀቱን 1,194 ኪሎ ሜትር፣ የአውሮፕላኑን ፍጥነት በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር እንበል። ነፋስ ባይኖር 86 ደቂቃ ይወስዳል፤ እርስዎ ያገኙት «1 ሰዓት ከ26 ደቂቃ» የተባለው ጊዜ ከዚህ ዓይነት ቀጥተኛ ማካፈል የወጣ ነው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከፊት ቢመጣ ግን ከምድሩ አንጻር ፍጥነቱ 760 ይሆንና 94 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያው ነፋስ ከኋላ ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 900 ከፍ ይልና 80 ደቂቃ ይበቃዋል። 14 ደቂቃ እዚህ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ነፋሱ ይህን ለማድረግ እጅግ ብርቱ መሆን እንደማያስፈልገውም ልብ ይበሉ፤ ጄት ስትሪም የሚባለው የከፍታ ነፋስ ወደ ደቡብ ወርዶ መንገዱን ባቋረጠ ቀን ልዩነቱ ከዚህ ይሰፋል። በነሐሴ ወር ደግሞ መሄጃና መመለሻው ሊቀራረቡ ይችላሉ።

እነዚህ 80 እና 94 ደቂቃዎች ግን ትኬት ላይ የሚጻፉ አይደሉም። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ አውሮፕላኑ ከቆመበት በር የሚላቀቅበት፣ መድረሻው ደግሞ በሌላው በር የሚቆምበት ሰዓት ነው። ቤን ጉሪዮን ላይ ከበሩ ተላቆ፣ ተራውን ጠብቆ፣ መንደርደሪያው ጫፍ እስኪደርስ 15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ከተነሣ በኋላም ወዲያው ወደ አቴንስ አያቀናም፤ በተወሰነለት የመውጫ መስመር ዞሮ ነው ወደ ባሕሩ የሚወጣው። እየወጣና እየወረደ ባለበት ጊዜ ሁሉ በሙሉ ፍጥነቱ አይበርም። አቴንስ ሲቃረብም ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ነው የሚያርፈው። አየር መንገዶች ይህን ሁሉ አስልተው፣ ለመዘግየትም ጥቂት ደቂቃ ጨምረው ነው ሰዓቱን የሚያትሙት። እናም 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲባል አየር ላይ የሚቆዩት ምናልባት 1 ሰዓት ከ40 ያህሉን ነው።

ስለ ርቀቱ አጭር መልስ እሰጣለሁ። 1,194 በኪሎ ሜትር፣ 742 በተለመደው የየብስ ማይል፣ 645 ደግሞ በአቪዬሽንና በመርከብ ሥራ በሚያገለግለው ኖቲካል ማይል የተነገረ አንድ ርቀት ነው። አንዱ የየብስ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር፣ አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነውና አባዝተው ቢያዩት ሁሉም እዚያው ይደርሳሉ። 1,200 የሚለው ከከተማ መሐል እስከ ከተማ መሐል የተለካ ነው፤ ቤን ጉሪዮን ያለው ቴል አቪቭ ውስጥ ሳይሆን ሎድ አጠገብ፣ የአቴንሱ ኤሌፍቴሪዮስ ቬኒዜሎስ ማረፊያም ከከተማው በስተ ምሥራቅ ስፓታ ላይ ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይለያያል። ይህ ሁሉ የምድርን ክብነት ተከትሎ የተለካ አጭሩ መስመር ነው። በካርታ ላይ ቢከተሉት ቆጵሮስን በስተ ቀኝ ርቆ ይተዋትና የሮድስን ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ታክኮ ወደ ኤጌያን ባሕር ይገባል። ሰማዩ ጥርት ካለና እናትዎ በቀኝ በኩል በመስኮት ከተቀመጡ፣ ከጉዞው ግማሽ ካለፈ በኋላ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ማየት ይጀምራሉ።

ሮማ ተመላላሽ

ስላረሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በሮማ ልማድ አቴንስንም አብሬ መድቤያት ነበር። እህቴ፣ የመመለሻው ወረቀት ስሕተት ነው ያልኩትን እባክዎ ይተዉት።

ኪፕሴሊ ነዋሪ

እህቴ፣ እኔ እዚህ አቴንስ ከ14 ዓመት በላይ ስለኖርኩ በዚህኛው ጫፍ ያለውን ልንገርዎ። አውሮፕላኑ 13:50 ቆመ ማለት እማማ 13:50 ላይ ውጭ ናቸው ማለት አይደለም። ከእስራኤል የሚመጣ መንገደኛ ከሸንገን ክልል ውጭ እንደ መጣ ስለሚቆጠር የፓስፖርት ሰልፍ አለበት፤ ከዚያ ሻንጣ መጠበቅ አለ። ወንድምዎ 13:50 ላይ በመድረሻው አዳራሽ ቢገኙ እማማ የሚወጡት 14:30 ገደማ ይሆናል፤ ቀድመው ከወጡም አያጧቸውም። ከማረፊያው እስከ ከተማው መሐል አደባባይ፣ ሲንታግማ፣ በሜትሮ 40 ደቂቃ ያህል ነው። ግን ሜትሮው በየደቂቃው የሚመጣ አይደለም፤ አንዱ ካመለጠ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊያስጠብቅ ይችላልና ለትልቅ ሰው ታክሲ ይሻላል እላለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። እዚህ አገር በሚገኝ ማንኛውም ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው የአቴንስ ሰዓት ነው። ወንድምዎ በዕለቱ በአውሮፕላን ማረፊያው ድረ ገጽ ላይ የበረራውን ቁጥር ፈልገው የሚያገኙትን ሰዓት ሳይደምሩና ሳይቀንሱ እንዳለ ይውሰዱት። በዚያ ቀን ከእህታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግን «በማን ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ በዚያ ዓርብ እንግዳ ልቀበል ወጥቼ፣ ከእስራኤል በስልክ የተነገረኝን ሰዓት እንደ አቴንስ ሰዓት ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቼ ደርሼ፣ እንግዳዬ የት ሄዶ ይሆን ብዬ በጣም ተጨንቄ ነበር።

ስለ ሰንበት አይስጉ። በዚያ ዓርብ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው 18:44 ገደማ ነው። ቢዘገይ ቢዘገይ እማማ 16:30 ላይ ቤት ይገባሉ። እዚያ በእናንተ ዘንድ ፀሐይዋ የምትጠልቀው 18:58 ገደማ ቢሆንም፣ እሱ አንድ ሰዓት ወደፊት በተገፋ ሰዓት የተቆጠረ ስለሆነ በእውነቱ ከእኛ በ46 ደቂቃ ይቀድማል። እማማ ወደ ምዕራብ በመጓዛቸው ዕለቱ ይረዝምላቸዋል።

የአሽዶዷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንብቤ ስጨርስ ደረቴ ቀለል አለኝ። ወንድሜም ጽሑፋችሁን ልኬለት አንብቦታል፤ ከሥራው ቀድሞ ለመውጣት አለቃውን ጠይቋል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ ስልክ ላይ ሰዓት አታይም፤ አባቴ የገዛላት፣ በየማለዳው በእጅ የሚሞላ ትንሽ የእጅ ሰዓት አላት። የሚሠራው በእስራኤል ሰዓት ነው፤ ስታነበው ግን በአገራችን ልማድ ነው፣ 12:40ን «ስድስት ሰዓት ከአርባ» ትለዋለች። ይህን ሰዓት መቼና እንዴት ላስተካክልላት? ሁለተኛው፣ ማክሰኞ ስትመለስ ዳግመኛ መንካት ይኖርባት ይሆን?

የበረራ ዕቅድ

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዓርብ ጠዋት ላሳስብዎ፤ እኔን ከአቴንሱ ሰዓት ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት ስልክዎ በራሱ አንድ ሰዓት ይገፋል፤ የግድግዳው ሰዓትና የእናትዎ የእጅ ሰዓት ግን አይገፉም። 12:40 ለሚነሣ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድመው ለመድረስ 9:40 ላይ ማረፊያው መገኘት ካለባችሁ፣ ባልተስተካከለው ሰዓት የምትመሩ ከሆነ ስትደርሱ 10:40 ይሆናል። ዓርብ ጠዋት የቤን ጉሪዮን የፍተሻ ሰልፍ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ከመተኛትዎ በፊት የቤቱንም ሰዓት፣ የእናትዎንም ሰዓት በእጅዎ አንድ ሰዓት ወደፊት ይግፉት።

ከዚያ በኋላ የእናትዎን ሰዓት አይንኩት፤ እርሳቸውም አይንኩት። ዓርብና ቅዳሜ በአቴንስ ከግድግዳው ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ እሑድ ሌሊት ግሪክ ራሷ ሰዓቷን ስትገፋ ሁለቱ ይገናኛሉ። ማክሰኞ ሲመለሱም የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ስለሆነ ምንም ማስተካከል አያስፈልግም። ሰንበትን በሚጠብቁባቸው በሁለቱ ቀናት ግን የመግቢያውንና የመውጫውን ሰዓት ከእጅ ሰዓታቸው ሳይሆን ከወንድምዎ ቤት ሰዓት ይውሰዱ።

ለእናትዎ ወረቀት ጽፈው በቦርሳቸው ያስቀምጡላቸው፤ በራሳቸው አነባበብ። «ከቤን ጉሪዮን መነሻ፦ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40። አቴንስ መድረሻ፦ በእጅ ሰዓቴ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ50፣ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ከ50።» ይህን ከያዙ በመንገድ ላይ «ገና ነው ወይስ ደርሰናል?» ብለው የሚጨነቁበት ምክንያት አይኖርም፤ ሰዓታቸውን አይተው የቀረውን ራሳቸው ያሰላሉ። ማንም ሰው የማያውቀውን ጉዞ የሚፈራው መጨረሻውን ስለማያይ ይመስለኛል።

ኪፕሴሊ ነዋሪ

በዚያው ወረቀት ጀርባ የወንድምዎን ስም፣ ስልክና የቤት አድራሻ በግሪክኛ ፊደል አጽፈው ይያዙ። የዊልቸር አገልግሎትም አስቀድመው ይጠይቁላቸው፤ መራመድ ባያቅታቸው እንኳ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ በፓስፖርቱ ሰልፍ አልፎ ከልጃቸው እጅ ያደርሳቸዋል። ያንን ጥያቄ ለአየር መንገዱ ከ48 ሰዓት በፊት ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

የአሽዶዷ

እናቴ በሰላም ሄዳ በሰላም ተመልሳለች፤ ለሁላችሁም የደረሰውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሐሙስ ማታ ለሰንበት የሚሆነውን ዳቦ ጋግራ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከቦርሳዋ ከከተተች በኋላ ሰዓቷን ከእጇ ፈትታ ሰጠችኝ፤ እኔም አንድ ሰዓት ገፋሁት። ወረቀቱንም አነበብኩላትና አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው። ዓርብ አውሮፕላኑ ከበሩ በጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ተላቀቀ፤ በስልኬ ስከታተለው መንደርደሪያውን የለቀቀው 13:06 ላይ ነበር። አቴንስ መሬት የነካው በእነርሱ 13:46፣ በእኛ 14:46 ነው። ልክ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አየር ላይ ቆየ፤ እርስዎ የገመቱት ነው። በሩ ላይ የቆመው 13:53 ነበር። ወንድሜ 13:30 ጀምሮ ቆሞ ይጠብቃት ስለ ነበር 14:25 ላይ በዊልቸር ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

ማክሰኞ ስትመለስ ከአቴንስ የተነሣው 15:22፣ ቤን ጉሪዮን ያረፈው 16:49 ነው፤ 1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ። ስለ ነፋሱ ባታስረዱኝ ኖሮ እነዚያን 13 ደቂቃዎች የት እንደ ጠፉ እፈልግ ነበር። እናቴን «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብዬ ስጠይቃት ግን ስለ ሰዓቱ አልነገረችኝም፤ በመስኮቱ ያየቻቸውን ደሴቶች ነው የቆጠረችልኝ፣ አሥራ አንድ ናቸው አለች። ደሴት መሆናቸውን ያወቀችው በዙሪያቸው ነጭ አረፋ ስላየች ነው።

አሁን ደግሞ ወንድሜ በኦክቶበር መጨረሻ እኛ ዘንድ ሊመጣ ነው፤ እሑድ፣ ኦክቶበር 26 ቀን ጠዋት ከአቴንስ ይነሣል። ያ ቀንም ሰዓት የሚለወጥበት ነውና እንደገና እንዲህ ያለ ልዩነት ይኖር ይሆን?

የበረራ ዕቅድ

እንኳን በሰላም ተመለሱልዎ። በኦክቶበር ሁለቱም አገሮች ሰዓታቸውን የሚመልሱት በአንድ ሌሊት፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። እስራኤል የምትመልሰው ከሌሊቱ 2:00 ላይ ሲሆን ግሪክ ደግሞ በራሷ ሰዓት 4:00 ላይ ትመልሳለች፤ በዚህ መካከል ለሁለት ሰዓት ብቻ ግሪክ ከእስራኤል ትቀድማለች። ወንድምዎ ጠዋት ከፀሐይ መውጣት በኋላ የሚነሡ ከሆነ ሁለቱም አገሮች ሰዓታቸውን መልሰው ያበቃሉ፤ ትኬቱ ላይ ያለውን መነሻና መድረሻ በቀጥታ ቢቀንሱት ትክክለኛውን የጉዞ ጊዜ፣ 2 ሰዓት የማይሞላ ወይም ለ2 ሰዓት የቀረበ ጊዜ፣ ያገኛሉ። እርሳቸው ግን ቅዳሜ ማታ ከመተኛታቸው በፊት መቀስቀሻቸው ስልካቸው ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።